ሰልሚያ እንዳትጠፋ

በአራተኛ ክፍል የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሁለተኛ ወጣሁ። አባቴ ሙባሪክ ካርዴን ገልብጦ አየ፣ ፈረመ፣ መለሰልኝ። ቡታጅራ ገበያ ዳር በርበሬ የሚነግድ ሰው ነው፤ ከመስቃን ገበሬዎች እየሰበሰበ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች ያስረክባል። ለእሱ ሁለተኛ ማለት አንደኛ ያልወጣ ማለት ነበር። ስለዚህ በሳምንቱ ሱቁ ጠርቶኝ፣ ነጭ ሸራ ጫማ እግሬ ሥር አስቀምጦ፣ "ከአክስትሽ ጋር ባሕር ዳር ትሄጃለሽ" ሲለኝ ሽልማቴ ዘግይቶ መጣ ብዬ አመንኩ። የጫማውን ክር እንኳ ሳላስር ነው ወደ ቤት የሮጥኩት።

ስሜ ባሂራ ነው። ያን ቀን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ በስሜ የተሰየመ ከተማ ልሄድ እንደሆነ ነገርኳቸው። ማንም አልተከራከረኝም።

አክስቴ ሰልሚያ የአባቴ የመጨረሻ እህት ናት። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ እኛ ቤት ነው ያደገችው። ቀን ቀን ልብስ ሰፊ ቤት ዚፕና ቁልፍ ትተክላለች፤ ቅዳሜና እሑድ ከከተማው የኪነት ቡድን ጋር ትጨፍራለች። ቤት ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም። ጓሮ እንሰቱ መሃል ስትለማመድ ግን ተደብቄ አያት ነበር። እግሮቿ ከመፍጠናቸው የተነሳ ዓይኔ አይይዛቸውም፤ አቧራው ብቻ ነው መሬት መርገጧን የሚነግረኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከእንሴኖ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ዑመይር የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሊያገባት ነው ተባለ፤ ሠርጉ ለሚያዝያ ተቆረጠ። ዑመይርን እወደው ነበር፤ በመጣ ቁጥር በቆርቆሮ የታሸገ ብስኩት ያመጣልኛል። ሰልሚያ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ምግብ መቀነሷን አይቻለሁ። ለሠርጉ ቀሚስ ልትቀጥን ነው ብዬ ነበር።

ከመሄዳችን በፊት ባለው ቀን የበርበሬ ጆንያዎቹ ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ ማስነጠሴ እንዳያጋልጠኝ አፍንጫዬን ይዤ፣ አባቴና ጋሽ ወልደማርያም ሲነጋገሩ ሰማሁ። ጋሽ ወልደማርያም የኪነት ቡድኑ መሪ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ከበሮ ሲመቱ ግን የሃያ ዓመት ጎረምሳ የሚሆኑ። ባሕር ዳር የባህል ሳምንት ተዘጋጅቶ ቡድናቸው ተጋብዟል፤ ያለ ሰልሚያ መሄድ አይፈልጉም።

"እኔ ጭፈራውን አይደለም የምፈራው፣ ጋሽ ወልዴ" አለ አባቴ። "እንዳትጠፋብኝ ነው።"

"እኔ እያለሁ?"

"እርስዎ አሥራ አራት ሰው ነው የሚጠብቁት። ባሂራ አብራት ትሂድ። ልጅቷ ካለች አትጠፋም።"

አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ ቤታችን በመስቃንኛ ነበር የምናወራው። እኔ የማውቀው መጥፋት አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ፍየል ገበያ መሃል ትጠፋለች፣ ጫማ መስጊድ በር ላይ ይጠፋል፣ ሕፃን ልጅ በገበያ ቀን ይጠፋና በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል። ሰልሚያ ከአዲስ አበባ ወዲያ ሄዳ አታውቅም። መንገድ ይጠፋታል ብሎ ፈርቷል፤ ስለዚህ ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣችውን ልጁን ላከ። ጆንያው ጀርባ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ።

ጎህ ሲቀድ በቅጥቅጥ አውቶብስ ተነሳን። ከበሮዎቹ ጣሪያው ላይ ታስረዋል፤ ውስጥ ገና ከቡታጅራ ሳንወጣ ጭብጨባ ተጀመረ። ጋሽ ወልዴ በቆምንበት ሁሉ ሰው ይቆጥራሉ። በያዙት ቀጭን ዱላ የወንበሩን መደገፊያ እየነኩ ሄደው እኔ ጋ ሲደርሱ "ተኩል" ይላሉ። "አሥራ አራት ተኩል! ሙሉ ነን፣ ንዳው!" ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ስንወጣ ተከፈተ። ዝንጀሮ አየሁ። ሰልሚያ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔን አልከደንኩም፤ ስንመለስ መንገዱን የማሳያት እኔ ነኝ።

ባሕር ዳር የገባነው ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነው። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነበር፤ የእርጥብ ሣርና የዓሣ። ከዚያ ዘንባባዎቹ መጡ፤ በመንገዱ መሃል በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ልክ የሚቀበሉን መሰሉኝ። ሰዉ በብስክሌት ይሄዳል። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ዶሮ ከኋላዋ አስራ፣ በብስክሌት አለፈችን። "ሰልሚ፣ እይ! ሰልሚ፣ እይ!" እያልኩ እጇን አደማሁት።

ያረፍነው አንድ ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ ነው፤ ፍራሽ ተነጥፎልን ነበር። ልምምድ ጠዋት ጠዋት ነው። ከሰዓት ነፃ ነን። በመጀመሪያው ከሰዓት ሰልሚያን እየጎተትኩ ውሃው ጋ ሄድኩ። ወሰን የለውም። ማዶው ሰማይ ነው። የደንገል ታንኳዎች ሸምበቆው ዳር ተገትረዋል፤ ወደቡ ላይ ነጭ ጀልባ ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱ ሰዎች ይጭናል፤ አንድ ትልቅ መርከብ ደግሞ ለጎርጎራ ሊነሳ ሲጮህ ሆዴ ውስጥ ተሰማኝ። አስተማሪያችን ባሕር ጨው ነው ብለውን ነበርና ተንበርክኬ በእፍኜ ቀዳሁ፣ ጠጣሁ፣ ተፋሁ።

"ጨው የለውም! ሰልሚ፣ ተታለናል!"

ሰልሚያ ሳቀች። ከሽማግሌዎቹ ቀን ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም ነበር። ሆዷን ይዛ ድንጋዩ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። "ሐይቅ እኮ ነው አንቺ!"

"ታዲያ ለምን ባሕር ዳር አሉት?"

ታንኳውን የሚያደርቅ አንድ ሽማግሌ ቀና ብሎ፣ "ልጄ፣ ማዶውን ያላየሽው ውሃ ሁሉ ባሕር ነው" አለኝ። በቃኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ጀመርኩ። የሒሳብ ደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ የከተማውን ካርታ አነሳሁ። ሁሉም ነገር በእግር ይደረሳል፤ ለዚያ ሥራ ከባሕር ዳር የተሻለ ከተማ አይገኝም። የወደቡ በር። አንዱ ዘንባባ የተቆረጠበት ማዕዘን። ዓሣ የሚጠበስበት ቤት፤ እዚያ ማንም ሳይቸገር አብሮ ይበላል፣ ዓሣ የእስላም የክርስቲያን የለውም። ቀጥሎ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ብራና ላይ የሚሥለው ሰዓሊ። ፈረሶችና ጋላቢዎች፣ ዓይናቸው ግማሽ ፊታቸውን የያዘ። ቆሜ ሳይ ብሩሹን ቀይ ቀለም ነክሮ ሰጠኝና የፈረሱን ልጓም እኔ ቀባሁት። እጄ ተንቀጥቅጦ ቀዩ ወደ አንገቱ ፈሰሰ። "ደህና፣ ላብ አልቦት ነው" አለና ተወው። ያ ሥዕል የማን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሰልሚያን በየመንገዱ እፈትናት ነበር።

"ከወደቡ በር ስትወጪ?"

"ወደ ግራ።"

"እስከ?"

"እስከ ተቆረጠው ዘንባባ። ከዚያ ዓሣ ቤቱ፣ ከዚያ ሰዓሊው።"

ከእኔ በላይ ጠያቂ ሆነች። "ብቻዬን ብሆንስ? ዝናብ ቢሆንስ? የገበያው መንገድ የቱ ጋ ነው የሚገናኘው?" እንደ እሷ ያለ ተማሪ አላየሁም ብዬ ኮራሁ። አሁን ሳስበው የከተማው ውሃ የት እንደሚቀዳ፣ ዳቦ ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ሳይቀር ነበር የምትጠይቀው። ለሦስት ቀን እንግዳ የዳቦ ቤት መክፈቻ ሰዓት ምን ያደርግለታል?

ከሰዓሊው አልፎ ከበሮ የሚሰማበት ግቢ ነበር። በየቀኑ "በዚያ እንለፍ" የምትለው ሰልሚያ ናት። ግቢው ውስጥ ወጣቶች በቱታ ይጨፍራሉ፤ አንዲት ረጅም ሴት ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትጮኽባቸዋለች። ሚስጥር ትባላለች። የስፖርት አስተማሪ መሰለችኝ። የውዝዋዜ አሠልጣኝ ናት፤ የየአካባቢውን ጭፈራ እያዞረ የሚያሳይ ቡድን ነበራት፤ ይህን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። በሁለተኛው ቀን ሰልሚያን መሃል አስገባቻት። ሰልሚያ ለእነሱ የእኛን የእግር ምት አሳየች፤ እነሱ ለእሷ እስክስታ። ትከሻዋ መጀመሪያ እንደ ሳንቃ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ተፈታ። ፊቷ ላይ ላብ፣ ጥርሷ በሙሉ ተከፍቶ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሳያት፣ አክስቴ ቆንጆ መሆኗን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። አጥሩ ሥር ቆሜ እኔም ትከሻዬን እነቀንቃለሁ።

ሲያበቁ ሁለቱ ዛፍ ሥር ቆመው ተነጋገሩ። ውሃ እየጠጣሁ ቁራጭ ቁራጩን ሰማሁ።

"ቦታው የሚጠብቅሽ እስከ ሰኞ ነው" አለች ሚስጥር።

"ወንድሜ ቃል ሰጥቷል።"

"ወንድምሽ ነው ወይስ አንቺ?"

"ልጅቷስ? ከልጅቷ ጋር ነኝ።"

ቦታ የሚሉት የመኪና ወንበር መሰለኝ። ጣልቃ ገብቼ፣ "እኛ እኮ መኪና ላይ ቦታ አለን፤ አሥራ አራት ተኩል ነን!" አልኩ። ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ። ሰልሚያ ሻሿን አስተካከለችና እጄን ያዘች። እስከ ማረፊያችን ድረስ መንገዱን ሳልመራት ደረሰች።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ከመድረኩ ሥር ነኝ። ጋሽ ወልዴ ከበሮውን ሁለቴ ብቻ መቱና ዝም አሉ። ከዚያ የእኛ ጭብጨባ ወረደ፤ አሥራ ሦስት ሰው እየሮጠ ገባ፣ ሰልሚያ ከፊት። እግር፣ እጅ፣ እግር፣ እጅ። ወለሉ ጣውላ ስለነበር እያንዳንዱ ምት እንደ ነጎድጓድ ይመለሳል። መጀመሪያ የኋላው ወንበር ተነሳ፣ ቀጥሎ መሃሉ፤ የማያውቁን ሰዎች፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ፖሊሱ ሳይቀር፣ እንዳየው እየዘለለ ያጨበጭባል። አንድ ሰውዬ አንስቶ ትከሻው ላይ አወጣኝ። ከዚያ ሆኜ፣ "አክስቴ ናት! የፊቷ አክስቴ ናት!" እያልኩ ጮህኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ። በሕይወቴ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፣ ተመርቄያለሁ፣ ልጅ ወልጃለሁ። እንደዚያ ሰዓት ዓይነት ግን አላገኘሁም።

ሰኞ ጠዋት አውቶብሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ፣ ሰልሚያ መስኮት ጥግ አስቀመጠችኝ። ፎጣ ውስጥ የጠቀለለችውን ዳቦ ጭኔ ላይ አደረገች። "ከጋሽ ወልዴ አትለዪ" አለች።

"አንቺስ?"

"እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ።"

"በይ እንደገና።"

መንገዱን ደገመችልኝ። ከወደቡ በር እስከ ከበሮው ግቢ ድረስ። ሰዓሊው ጋ ስትደርስ እንባዋ ወረደ፤ አንድ ቦታ ቀኝና ግራ ተሳስታ ነበርና አልቻልኩትም ብላ ያለቀሰች መሰለኝ። አዘንኩላት። የሒሳብ ደብተሬን የመጨረሻ ገጽ ቀድጄ ሰጠኋት። "በቃ፣ ይሄን ካየሽ አትጠፊም።" ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ ወረደች።

ጋሽ ወልዴ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ወንበሮቹን እየነኩ መጥተው እኔ ጋ ቆሙ። ባዶውን ወንበር ነኩት። በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ፤ ሰልሚያ ካርታዬን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ጋ ቆማለች። "አሥራ አራት ተኩል" አሉ። "ሙሉ ነን። ንዳው።"

ጋሽ ወልዴ ቆጠራ የሚሳሳቱ ሰው አልነበሩም። ከመሞታቸው በፊት አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ "ሰው ስትቆጥሪ ልብሽም አብሮ ይቆጥራል" ብቻ አሉኝ።

እኔ ሌላ መኪና ልትሳፈር ነው ብዬ ነበር። መንገዱን ታውቀዋለች፣ ካርታ አላት። ደጀንን አልፈን ዓባይን እስክንሻገር ድረስ ዳቦዬን እየገመጥኩ ተረጋግቼ ተቀምጬ ነበር።

ሲመሽ ቡታጅራ አባቴ መናኸሪያው ጋ ቆሞ ጠበቀን። የሚወርደውን ሰው ሁሉ ካየ በኋላ፣ "ሰልሚያስ?" አለኝ።

"አትጠፋም!" አልኩት በኩራት። "መንገዱን ሁሉ አስጠንቻታለሁ። ካርታውንም ሰጥቻታለሁ።"

አባቴ ሰውነቱ ከባድ ነው፤ ቁጭ ሲል ተጠንቅቆ ነው። ያን ጊዜ ግን የመናኸሪያው አጥር ሥር አፈር ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። እናቴ ሰፍያ እጄን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ፤ የዚያን ቀን አልተገረፍኩም፣ አልተጠየቅኩም። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

የዚያን ቃል ሌላ ፍቺ የነገሩኝ የክፍሌ ልጆች ናቸው። "አክስትሽ ጠፋች አሉ" ሲሉኝ "አልጠፋችም፣ ያለችበትን አውቃለሁ" ብዬ ተደባድቤ ነጩ ጫማዬ ተቀደደ። ሽልማቴ ምን እንደነበር የገባኝ ጫማውን ስሰፋ ነው። እኔ እንድጎበኝ አልተላክሁም፤ እሷን ከቤታችን ጋር የማስር ገመድ ነበርኩ። ገመዱ ደግሞ በገዛ እጁ ተፈታ። ከእንሴኖ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፣ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ብስኩቱ ቀረ። አምስት ወር ሙሉ ቤታችን ውስጥ ስሟ አልተነሳም።

ሐምሌ ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ አባቴ ምሳ እየበላ ሳያየኝ፣ "መንገዱን ታውቂዋለሽ አይደል?" አለ።

ሁለተኛው ጉዞዬ፣ ከአባቴ ጋር፣ ያለ ዘፈን ነበር። ማፈር ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ሆዴ ውስጥ ያ የመርከብ ድምፅ እንደገና ጀመረ። ባሕር ዳር በዝናብ ጠቁራ ጠበቀችን። ሐይቁ ቡናማ ሆኗል፣ ዘንባባዎቹ ይንጠባጠባሉ። ከመናኸሪያው እየመራሁት በገበያው በኩል ስናልፍ አባቴ አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ጋ ቆመ። ብዙ ካገላበጠ በኋላ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው የበር መቀርቀሪያ ገዛ፤ ወፍራም ብረት፣ ከነብሎኑ። ኮቱ ኪስ ውስጥ አልገባ ብሎ በእጁ ያዘው።

ከዚያ በኋላ ከብረቱ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ሊቆልፍባት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ቆልፎባት፣ መኪና ይዞ መጥቶ፣ ጭኖ ሊወስዳት። የመራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰዓሊው ጋ ስንደርስ ሆን ብዬ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ሐይቁ ዳር ወጣን። አባቴ ውሃውን ለረጅም ጊዜ አየ። "ባሂራ" አለ፣ "እዚህ ትኖራለች?" ማልቀስ ጀመርኩ። "በይ እሺ፣ ወደ ትክክለኛው አምጪኝ።" ወሰድኩት።

ግቢው ውስጥ ከላስቲክ ጣሪያ ሥር ይለማመዱ ነበር። ሰልሚያ ከፊት ናት፤ ትከሻዋ አሁን ከሁሉም ይበልጣል። አባቴን ስታየው እግሮቿ መሃል ላይ ቆሙ። ሚስጥር ፊሽካዋን በጥርሷ እንደያዘች ቀረች። ዛሬ ያ ፊሽካ ሰልሚያ አንገት ላይ ነው፤ ልጆች የሚፈሯት አሠልጣኝ ሆናለች። ያን ቀን ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አለ አባቴ።

"ወዓለይኩሙ ሰላም፣ ጋሼ።"

"የት ነው የምታድሪው?"

በዝናብ ውስጥ ሦስታችን ተከታትለን ሄድን፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ብረቱን ይዞ፣ እኔ ከኋላ። ክፍሏ ከአንድ ሰፊ ግቢ ጥግ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ የሚዘጋው በሽቦ ነበር። አባቴ በአንድ ጣቱ ገፋው። ተከፈተ።

"ይሄ ነው በር?" አለ።

ጎረቤት ሄዶ ካቻቢቴ ለምኖ መጣ። ያኔ በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። "አይቆለፍባትም!" አልኩ። "አባ፣ አይቆለፍባትም!"

"ወደዚያ በይ፣ ባሂራ፤ ብርሃን ከለከልሽኝ።"

እናቴ እስከ ዛሬ "ሊያመጣት ነው የሄደው፤ ሲያያት ነው ልቡ የራራው" ትላለች። እኔ ግን መቀርቀሪያውን ሲገዛ አይቼዋለሁ፤ ገና ሳያያት። እሱ ራሱ ምንም ብሎ አያውቅም።

እያላበው፣ እያቃሰተ፣ አራቱን ብሎኖች አጠበቀ። በሩን ከፍቶ ዘግቶ ሞከረና ወደ ኋላ ራቅ አለ። መቀርቀሪያው ከውስጥ በኩል ነበር።

"ግቢና ዝጊው" አላት።

ሰልሚያ ገባች። እኛ ዝናቡ ላይ ቀረን። ብረቱ ሲገባ ጠንካራ ድምፅ ሰማን። አባቴ በሩን በመዳፉ ገፋ፤ ቀጥሎ በትከሻው፤ ከዚያ በዚያ ከባድ ሰውነቱ ተደገፈው። በሩ አልተነቃነቀም።

"ጥሩ ነው" አለ፣ ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ እንዳስደገፈ። "በይ አሁን ክፈቺልን፤ ዝናብ መታን።"